የሽፋኑ ዶሮ

እኛ ሽፋን ላይ ያወጣነው የተጠበሰ ዶሮ ጥሬ ነበር። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

ሥራው የኮርስ ሥራ ነው። «የመጽሔት ዲዛይንና ዲጂታል ዝግጅት» ይባላል። ሦስት ሦስት ሆናችሁ አንድ መጽሔት ሥሩ ተባልን። ሽፋን፣ ማውጫ፣ አራት ገጽ ጽሑፍ። አንዱ ቅጂ በወረቀት፣ ሌላው በሊንክ የሚከፈት። ፎቶ ከኢንተርኔት ለቅሞ የመጣ ዜሮ ያገኛል። ከመቶው ማርክ ስልሳው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሦስታችን ማለት እኔ፣ ፎቶ አንሺዋና አርቱ ነን። አርቱ ስሙ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ራሱን አርት ዳይሬክተር አድርጎ ሾመ፣ እኛም ሳቅን፣ ስሙ እዚያው ላዩ ላይ ቀረ። ሲያወራሽ በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ በመሃል ነው የሚያይሽ። ፎቶ አንሺዋ ደግሞ ካልጠየቋት አትናገርም። ከጠየቋትም ታስባለች።

የምግብ መጽሔት እንሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። አባዬን አስቤ።

አባዬ ሼፍ ነው። ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ቆመ፣ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ዓመት ዋና ሆኖ። የዛሬ ሁለት ዓመት የአንድ ሠርግ ምሳ ላይ አርባ ሰው ሆዱን ታመመ። ዶሮው ጥሬ ነበር ተባለ። አባዬ እያንዳንዱን ጭን አጥንቱ ድረስ ከፍቼ አይቻለሁ አለ። ማቀዝቀዣው ከሰኞ ጀምሮ አያቀዘቅዝም ነበር አለ። ማን ይስማው። ሥራ አስኪያጁ ማቀዝቀዣ ከሚያሠራ ሼፍ ማባረር ቀለለው። አባዬ ነጭ ልብሱን በፌስታል ይዞ ቤት ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ወጣ ለማለት ይከብዳል።

ከዚያ ወዲህ ዶሮ ሲሠራም አጥንቱ ራሱ ለቅቆ እስኪወጣ ነው።

«ይሄ ዶሮ ሁለቴ ነው የሞተው» ትላለች እማዬ።

እሱ አምስት ደቂቃ ይጨምርበታል።

የሽፋኑን ዶሮ አንተ ሥራልን፣ ስምህንም እናወጣለን ስለው ቢላውን አስቀመጠ።

«ስሜን? የት ጋ?»

«ሽፋኑ ላይ። የሼፉ ምስጢር ብለን፣ ከሥሩ ስምህን።»

«ፊደሉ ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው አባዬ።»

ጢሙን ተላጨ። ፎቶ የሚነሳው ዶሮው ነው፣ ጢሙን የተላጨው እሱ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቶ ሠራው። ትሪው ላይ በፎጣ ጠቅልሎ እስከ ኮሌጁ በር ድረስ እራሱ ተሸክሞ መጣ። ግባ ብለው አልገባም አለ። «ሞቅ እንዳለ አንሱት። ሲቀዘቅዝ ስቡ ይነጣል» ብሎኝ ሄደ። ከኋላው ሳየው ቀጥ ብሎ ነበር የሚራመደው። ከሄደ ብዙ ጊዜው ነበር እንደዚያ።

ስቱዲዮ የምንለው የድሮ መጋዘን ነው። ሁለት መብራት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ። መስኮት የለውም። ፎጣውን ስፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ፎቶ አንሺዋ ሳትጠየቅ «ኧረ» አለች። መብራቱ ሲበራ ግን ዶሮው አሮጌ ቦርሳ መሰለ። ተሸብሽቧል፣ ጡቱ ገብቷል፣ ቡኒው ጥቁር ነው። አሥር ያህል አነሳችው። አሥሩም ቦርሳ።

አርቱ በጣቶቹ መሃል አየውና «ይሄማ የቀብር ፎቶ ነው» አለ።

«ቅመሰውና ከዚያ አውራ» አልኩት።

«የኔ እናት፣ ካሜራ ምላስ የለውም።»

ቦርሳውን ከፈተ። ተዘጋጅቶ ነው የመጣው ለካ። ጥሬ ዶሮ በላስቲክ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ቡኒ የምግብ ቀለም፣ የቀለም ብሩሽ፣ ስፒል፣ አንድ ጥቅል ሶፍት፣ ከአጎቱ ጋራዥ ደግሞ የሞተር ዘይት በኮካ ጠርሙስና ጫፉ እሳት የሚተፋ የጋዝ ቆርቆሮ።

 ጥሬውን ዶሮ ገልብጦ ሶፍቱን እየጠቀለለ በቂጡ በኩል ከተተበት፣ ጡቱ እስኪነፋ። ሶፍቱ ውስጥ ለውስጥ ሮዝ ውሃ እየጠጣ ይጨማደዳል፣ ድምፁ ይሰማል። ቆዳውን ወደ ኋላ ስቦ በስፒል ያዘው። ሳሙናውን ከቀለሙ ጋር በጥብጦ በብሩሽ ቀባው፣ አረፋ ሠራ፣ አረፋውን በአፉ እፍ አለው። እሳቱን ሲለቅበት ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተው ሸተተ። ከላይ ወርቅ ሆነ። ከሥር ነክቼው ነበር፣ እንደ ሬሳ እግር ቀዝቃዛ ነው።

ዙሪያውን ድንች ደርድሮ የሞተር ዘይቱን አፈሰሰበት። «ሶስ ወጣለት» አለ።

«ጠርዙ ጋ ደም አለ» አለች ፎቶ አንሺዋ።

በጣቱ ጠረገው። በዚያው ጣት ስልኩን አወጣና ሰዓት አየ። በዚያው ጣት ከንፈሩን አከከ።

የአባዬ ዶሮ ጥጉ ላይ ነበር። አርቱ የፀጉር ስፕሬይ ያብለጨልጭ እንደሆነ ልሞክር ብሎ እሱ ላይ ነፋበት። አላብለጨለጨም። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረው።

እኔስ ምን አደረግኩ? ነጭ ካርቶን ይዤ ቆሜ ብርሃኑን ጥሬው ዶሮ ላይ እመልስ ነበር።  «ትንሽ ወደ ግራ» ሲለኝ ወደ ግራ አልኩ።

ባዶ ትሪውን ይዤ ቤት ስገባ አባዬ በር ላይ ነው።

«እንዴት ነበር?»

«ጣታቸውን ነው የላሱት።»

«ጭኑ አልደረቀም?»

«አልደረቀም።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መምህራችን ሽፋኑን በፕሮጀክተር ሲያየው ምራቁን ዋጠ። ጉሮሮው ወጣ ብሎ ሲወርድ አይቻለሁ። «ይሄ ያስርባል» አለ። «አያችሁ? ምግብ ሳይሸት ሲያስርብ ዲዛይን ማለት ይሄ ነው። የማን እጅ ነው?»

«የእሷ አባት» አለ አርቱ፣ እጁን ወደኔ ዘርግቶ። ፊቱ ላይ አንድም ነገር የለም።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስረከብን። ከዚያ ሰዓት በኋላ ሊንኩ ላይ ያለውን ፋይል የነካ ካለ፣ ሲስተሙ ሰዓቱን ይመዘግበዋል፣ የሦስቱም ማርክ ለሁለት ይከፈላል። ይሄን መምህሩ ሦስት ጊዜ ነግሮናል።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሊንኩን ጠየቀኝ። ኔትወርክ የለም አልኩት፣ ባትሪ የለኝም አልኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ላክሁለት። ስልኩ ትንሽ ነው፣ ዓይኑም ደከም ብሏል፣ ስሙን አይቶ ደስ ይለዋል፣ በቃ ብዬ ነው።

መነጽሩን ከመፈለጉ በፊት ግን ለድሮ የኩሽና ባልደረቦቹ ግሩፕ ላከው። ሁለት ዓመት አንድ ቃል ያልጻፈበት ግሩፕ ነው። የሚወጣበትን አያውቅም እንጂ ይወጣ ነበር። «ስሜ ከሥር አለ» ብሎ ጻፈላቸው።

ከዚያ መነጽሩን አደረገ። በሁለት ጣት አሰፋው። ጠረጴዛው ላይ ሦስታችን ነበርን፣ እማዬ ሾርባ እየቀዳች።

«ይሄ የማን ዶሮ ነው?»

«ያንተ ነው።»

«ልጄ፣ ይሄ ዶሮ ጥሬ ነው።»



«መገጣጠሚያው ጋ እይ፣ ሮዝ ነው። ቆዳው በስፒል ተይዟል። ይሄ ምንድን ነው፣ አረፋ?» ጣቱን ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ እያስቀመጠ ነው የሚያሳየኝ፣ እንደሚያስተምር። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ስልኩ እጁ ላይ መንዘር ጀመረ።

«ሼፍ፣ ዛሬም ጥሬ?»

«ይሄኛው ሲጮህ ይሰማኛል።»

«ቢቆነጥጡት ተነስቶ ይሄዳል ይሄ።»

ከዚያ ምክትሉ የነበረው፣ አሁን በሱ ቦታ የቆመው፣ «አምቡላንሱስ ገጽ ስንት ላይ ነው?» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አሥራ አራት ሰው ሳቀ። ቆጠርኳቸው።

አባዬ ስልኩን ደፋው። ተነስቶ እጁን ታጠበ። ሼፎች እንደሚታጠቡት፣ እስከ ክርን፣ በየጣቱ መሃል። ውሃው ብዙ ፈሰሰ።

«ምንድን ነው የሠራሽው?» አለችኝ እማዬ በቀስታ።

ነገርኳት። ሶፍቱን፣ ሳሙናውን፣ ዘይቱን።

«ያባትሽንስ?»

«የፀጉር ስፕሬይ ነፉበትና ጣሉት።»

ጭልፋውን አስቀመጠች። «እንትፍ» አለች ወደ ጎን። ወደኔ አይደለም ለማለት ፈልጌ ነበር።

አባዬ እጁን እያደረቀ ተመለሰ። «ስሜን አውጪው» አለ።

«ፎቶውን እቀይረዋለሁ።»

«ከተነካ ማርክ ይቀነሳል አላልሽኝም?»

«ለሁለት ይከፈላል።»

«እንግዲያው ፎቶውን ተዪው፣ ስሜን ብቻ አውጪ።»

«ያም መንካት ነው አባዬ።»

አሰበ። «ተዪው በቃ» አለ። «ትምህርትሽ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይሉኛል።» የሾርባ ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። 

ወጥቼ ለአርቱ ደወልኩ።

«እንዳትነኪው» አለኝ ገና ሳልጨርስ። «መምህሩ ምራቁን ሲውጥ አላየሽም? ሃምሳ አምስት ከስልሳ በእጃችን ነው።»

«አባቴ እኮ…»

«አባትሽ ምን ሆነ? ስሙን አወጣንለት።»

«ጥሬ ዶሮ ላይ።»

«ማን ያውቃል?»

«ያዩት የሚያውቁት ብቻ ናቸው።»

«እሺ በቃ ሮዙን አጥፍተን ሌላ ፎቶ እንስጠው፣ ለብቻው። ለግሩፑ ይላከው። ሁለት ደቂቃ ነው። ሽማግሌ ነው አያውቅም» አለ።

ዘጋሁበት። ስልኬን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቱ ትዝ ብሎኝ መሰለኝ።

ለፎቶ አንሺዋ ጻፍኩላት። የአባቴን ዶሮ መጀመሪያ ያነሳሽውን እፈልጋለሁ፣ ሽፋኑ ላይ ላደርገው ነው፣ ማርክሽ ግማሽ ይሆናል፣ አይሆንም ካልሽ አልነካውም። ቆየች። የምታስብ ሴት ናት። ከዚያ አሥሩም ፎቶ መጣ። «አራተኛው ይሻላል» ይላል። ቀጥሎ፣ «እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ ማየት አልቻልኩም።»

ኮምፒውተሬን ሾርባው አጠገብ ከፈትኩ። ጥሬውን ከሽፋኑ አወጣሁ። ሲጠፋ አንዳች ነገር ከጥርሴ መሃል የወጣ መሰለኝ። አራተኛውን አስገባሁ። በየትኛውም ብርሃን ቦርሳ ነው፣ ግን የበሰለ ቦርሳ ነው። «የሼፉ ምስጢር» የሚለውንም አጠፋሁት፣ ያስጠላ ነበር። ስሙን ተውኩ። ሌላ አልነካሁም፣ አላበራሁም፣ አላለሰለስኩም።

ሲስተሙ፣ የማስረከቢያ ሰዓት አልፏል፣ ይቀጥል? አለኝ። ይቀጥል።

ማርኩን ከሳምንት በኋላ ነው ያየሁት። ሃያ ሁለት ከስልሳ። መምህሩ ከሥሩ «ሽፋኑ አያስርብም» ብሎ ጽፏል። አርቱ ሰላም አይለኝም። ይሄ ኮርስ ካመጣልኝ ጥሩ ነገር አንዱ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ግን፣ ሽፋኑን እንደቀየርኩ፣ «አባዬ፣ እንደገና ክፈተው» አልኩት።

መነጽሩን ሳይፈልግ ነው የከፈተው፣ ግንባሩ ላይ ነበር። አሰፋው። ጭኑን አየ፣ ክንፉን አየ፣ የትሪውን ጠርዝ አየ። ብዙ ቆየ።

«ደርቋል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አልደረቀም አላልሽኝም?»

«ዋሸሁህ። አንድም ሰው አልቀመሰውም።»

ራሱን ነቀነቀ። ለየትኛው እንደሆነ አልገባኝም።

ስልኩ ነዘረ። ሊንኩ ያው ሊንክ ነው፣ ምክትሉ ሊስቅበት ደግሞ ከፍቶታል። «ሼፍ፣ ይሄኛው ምንድን ነው? ጫማ ሆነ እኮ።»

ሌላው፣ የድሮ ጋጋሪው፣ «ስንት ዲግሪ ላይ ነው ያስገባኸው?»

ሌላው፣ «ጡቱ አልቋል። በፎይል አልሸፈንከውም?»

አባዬ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሾርባውን በክርኑ ገፋ አደረገውና በአንድ ጣት መጻፍ ጀመረ። ትከሻው ላይ ሆኜ አየሁ። የቤታችን ኦቭን በግራ በኩል እንደሚያቃጥል፣ ዶሮው ሁለት ኪሎ እንደማይሞላ፣ ምክትሉ በመጀመሪያ ዓመቱ ያቃጠላቸውን ሰባት ዶሮዎች ቀን በቀን እንደሚያስታውስ። መልስ መጣለት። መለሰ። ሌላ መጣ።

እኔ ምሳ አልበላሁም። የዚያ መጋዘን ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፣ አሁንም ሳሙና ባየሁ ቁጥር ይመጣል።

«ሾርባው ቀዘቀዘ» አለች እማዬ።

«ቆይ» አላት ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። «ይሄ ሰውዬ ስለ ዶሮ ሊያስተምረኝ ነው።»