የክር ፋብሪካው ዘበኛ

መቼም የማያስቅ ሥራ የለም፤ የእሷ ግን ይብሳል። ቀኑን ሙሉ ሰው ስትፈጥር ትውላለች። የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያት ሠዓሊ ናት፤ አፍንጫ ታረዝማለች፣ ትከሻ ታጠባለች፣ ያልጣማትን ሰው በአንዲት ጣት ታጠፋለች። እናቷ ለጎረቤት "ልጄ ኮምፒውተር ላይ አሻንጉሊት ትሠራለች" ነው የምትለው፤ ምን ታድርግ!

አሁን የመጣው ሥራ ግን የአሻንጉሊት አልነበረም። የአምስተኛ ክፍል ልጆች የከተማቸውን ታሪክ እየተጫወቱ እንዲማሩ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተቃጠለውን የክር ፋብሪካ ጌም አድርጋችሁ ሥሩ ተባሉ። የታሪክ መጽሐፉ ነገሩን በሁለት መስመር ይገላገለዋል፦ እሳት ተነሣ፤ ዘበኛው በሩን እንደቆለፈ ሸሸ፤ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ሞቱ። ያ ዘበኛ ማን እንደሆነ ቢሮው ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አያቷ ነው።

ለማን ትንገር? እናቷ እንኳ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ወሬ ነው። የእነሱ ቤት ዝምታ ከነቀዘ ቆይቷል።

በዚህ ሙያ አንድ ሕግ አለ። ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ የሚሳለው እንደ ጥላ ጥቁር ተደርጎ ነው፤ ልጅ ፊቱን ሳያይ ከጥላው ብቻ ደጉን ከክፉው መለየት አለበት። ደግ ሰው ክብ ክብ ይደረጋል፣ ክፉ ሰው ሹል ሹል። ሠራተኞቹ "ቶሎ ቶሎ" የሚል ስም ያወጡለት አለቃዋ ከኋላዋ አጎንብሶ ስክሪኑን አየና፣ "ይሄ ዘበኛ ምነው አልሾለም? ልጆቹ ገና ሲያዩት ሊጠሉት ይገባል። ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ!" አላት።

"እሺ" አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ስታሾለው እናቷ ትታያታለች፤ ክብ ስታደርገው ደግሞ አሥራ ዘጠኙ ሴቶች ከጀርባዋ ቆመው የሚያዩዋት ይመስላታል። ሦስት ቀን ስትሠራ ስታጠፋ ከረመች። በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ውሃው በመስኮቱ መስታወት ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ግድግዳውም ጠረጴዛውም አብሮ የሚፈስ ይመስላል። እጇ ሳታዝዘው ይሄድ ጀመር። ሹልም ክብም ያልሆነ ሰው ወጣላት፤ በእናቷ ሣጥን ውስጥ ያለችው የአንዲቷ ፎቶግራፍ ሰው፣ ጎበጥ ያለ፣ ኮቱ የሰፋው፣ ጆሮው ትልልቅ። ገና መንቀሳቀስ አልተማረምና ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆሟል። እያየችው ፈዘዘች። ከኋላው ክሩ ሲሽከረከር፣ ሴቶቹ ሲሳሳቁ የሰማች መሰላት፤ አንዷማ በስሟ የጠራቻት መሰላት።

"አባዬ!"

ደንግጣ ዞረች። እናቷ ናት። ዝናቡን አይታ ጃንጥላ ልታደርስላት መጥታ፣ ጃንጥላው ከእጇ ወድቆ መሬት ላይ ተንጋሏል።

"እማዬ፣ ቆይ፣ ይሄ እኮ..."

"እጁን ዘርግቷል" አለች እናቷ። "ከሥራ ሲመጣ እንዲህ ነበር ደጅ ላይ የሚቆመው። ሮጬ ደረቱ ላይ እስክወድቅ አያጥፈውም ነበር።"

እንግዲህ ምን ትበላት? ጌም ውስጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚቆመው፣ ክንዱ ከጎኑ እንዳይጣበቅ ነው ትበላት? አንጀቷ አልቻለም።

እናቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "በሩን ቆልፏል" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "አልቆለፈም የሚልሽ ካለ እንዳታምኚው። ክር እንዳይሰረቅ ቆልፍ አሉት፣ ቆለፈ። እሳቱ ሲነሣ ደነገጠና ቁልፉን እንደያዘ ሮጠ። እንዳትዋሺለት። ሰይጣን አድርገሽም እንዳትሥዪብኝ፣ አደራ።"

እንዳለችው ሠራችው። አለቃዋ ቶሎ ቶሎ ጣሪያ ነካ። "ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል!" አለ።

"እነሱው ይፍረዱ" አለችው። እንዲህ መልሳለት አታውቅም።

"ለሙከራ ብቻ! ግራ ከገባቸው ይሾላል፣ አለቀ!"

የሙከራው ቀን እናቷ እኔም ካልሄድኩ አለች። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ፣ ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች። ልጆቹ ሲጫወቱ፣ ሲንጫጩ ቆዩ። ጭሱ ሲነሣ ፀጥ አሉ። ዘበኛው ሲሮጥ አንዱ "ወይኔ! ተመለስ! ኧረ ተመለስ!" እያለ ኪቦርዱን ደበደበው። ዘበኛው አልተመለሰም።

መነጽር ያደረገች ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሰውዬው ልጅ አለው?"

መምህሩ ወደ ሠዓሊዋ አየ። አብሯቸው የመጣው ቶሎ ቶሎ "ይሄ እንኳ ከትምህርቱ ጋር..." ብሎ ሲጀምር፣ ከኋላ ድምፅ መጣ።

"አለው። እኔ ነኝ።"

የልጆቹ አንገት ሁሉ ባንዴ ዞረ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሠዓሊዋ እናት ሆድ ያባውን ያወጣችው ግን ጥርሷ የወለቀ ባለመነጽር የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

"ታዲያ ቤት ሲመጣ ምን አላችሁ?" አለች ልጅቷ፣ ፍንክች ሳትል።

"በሩን አትዝጉ አለን። እስኪሞት ድረስ በራችን ተዘግቶ አያውቅም፤ ቢበርድም ቢዘንብም። እሱ የበሩ ደፍ ላይ ይቀመጥና ይጠራቸዋል።"

"ማንን?"

"ሴቶቹን። አንድ በአንድ፣ በየስማቸው። እኔ ተኝቼ እሰማዋለሁ።"

ሠዓሊዋ ይህን ሰምታ አታውቅም። የሴቶቹ ስም በመጽሐፉም፣ በጌሙም፣ የትም አልነበረም። ዘበኛው ይሹል ብሎ ከዚያ ወዲህ ያነሣ የለም።

"እማማ" አለች ልጅቷ፣ "ያስታውሷቸዋል?"

የሠዓሊዋ እናት ዓይኗን ጨፈነች። ልጆቹ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ደብተራቸውን ገልጠው እስክሪብቶ አነሡ።