የወርቅውሃ ማስረጃ

ሣህሊቱ በጠዋት ተነሥታ ከውኃ ቦቴው ሁለት ጀሪካን ቀዳች፤ እግሯን ታጠበች፤ ከትናንት የተረፈውን የማሽላ ገንፎ ቆማ ቀማመሰችና ወደ ክሊኒኩ ወረደች። በመጠለያ ጣቢያው ክሊኒክ አስተርጓሚ ናት። የ1977 ክረምት ገብቶ የሱዳኗ ገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማ ስለሚያስቀር፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር የምትሄደው። ከመጋዘኑ ጥግ አያ ዳምጤ ጠበቋት።

"ወርቅውሃን ዛሬ ለዚያች ሐኪም ልታቀርቧት ነው አሉ።"

"አዎ፣ አያ ዳምጤ። እህል ትታለች። ጡቷም እየነጠፈ ነው።"

"እንግዲህ ምላስሽን ያዢ! የላቀው ወንድም ከከሰላ ሳይመጣ መርዶ የለም። እመጫት ናት፤ ብትሰማ ወተቷ ይደርቃል ብለን ተማክረናል።"

"አሁንስ መቼ ቀረ? እየደረቀ አይደለም እንዴ?"

"ኧረ እባክሽ! ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብለሽ ወጉንም ልታስተምሪን ነው?" አሏትና ከዘራቸውን ከጭቃው ነቅለው ሄዱ።

የወርቅውሃ ባል ላቀው የአያ ዳምጤ የወንድም ልጅ ነው። ዝናብ ሲጥል ማሳዬን ልዝራ ብሎ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ድንበሩን እንደተሻገረ በወባ ሞተ። የመንገድ ጓደኞቹ ቀብረውት ተመለሱ። ከሚስቱ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ዶክተር ሂያም ከካርቱም የመጣች ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ከሣህሊቱ ጋር በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። የምትሠራበትን ዘዴ ሣህሊቱ አዲስ አበባ ሳለች ተምራዋለች፤ ወዳውም ነበር። ሰውን የሚጥለው የገጠመው ነገር ብቻ አይደለም፤ ስለ ገጠመው ነገር የሚያስበውም ጭምር ነው ይላል። ስለዚህ ሐሳቡን አውጥተህ መርምረው፤ ማስረጃ ጠይቀው፤ ካልቆመልህ ለውጠው።

ወርቅውሃ ሕፃኗን ታቅፋ ገባችና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ምንድን ነው የሚያስጨንቅሽ?" አለች ሂያም፤ ሣህሊቱ ተረጎመች።

"ላቀው ሞቷል። ማንም አልነገረኝም፤ ግን ሞቷል።"

"ይህ እንግዲህ ሐሳብሽ ነው። ማስረጃሽ ምንድን ነው?"

"ማስረጃ?" ወርቅውሃ ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። "ውኃ ወረፋ ላይ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል። ቱርካን ታውቂያት የለ፣ ያቺን ምላሰኛ? 'ያ ግንባሩን የሚቋጥረው ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው? ግልምጫው እኮ ናፈቀኝ!' እያለች ነበር የምትሥቅብኝ። አሁን ስታየኝ አንገቷን ትደፋለች። አያ ዳምጤ ደግሞ ስኳር ሰጡኝ። አያ ዳምጤ! ከገዛ ልጃቸው ስኳር የሚቆልፉ ሰውዬ!"

ሂያም በትዕግሥት ሰማች። "ይህ ሰዎች የሚያስቡትን አውቃለሁ ማለት ነው፤ የተለመደ የአስተሳሰብ ስሕተት ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖራቸው አይችልም? ዐዝነውልሽ ቢሆንስ?"

ሣህሊቱ ተረጎመች። ድምጿ ለራሷ የሌላ ሰው መሰላት።

"ዐዝነውልኝ?" አለች ወርቅውሃ። "በምኔ? እትዬ ሣህሊቱ፣ አንቺም እኮ ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔን አላየሽም።"

ይህን ሣህሊቱ አልተረጎመችውም።

ሣህሊቱን ንዴት ያዛት። በሂያም ላይ አልነበረም፤ ሂያም ምን ታውቃለች? ዘዴውም አልዋሸም። ማስረጃ አምጪ አለ፤ ይኸው አመጣች። ሰፈር ሙሉ ሰው ግን ማስረጃውን አፉ ውስጥ ቆልፎ፣ በትክክል የምታስብን ሴት በሽተኛ አድርጎ ሰደዳት። "ለልጁ ብለን ነው" ይላሉ፤ ልጁ ግን ባዶ ጡት እየጎተተ ነው። ሣህሊቱ የራሷን ባል ሞት የሰማችው ወፍጮ ቤት ተሰልፋ፣ ከኋላዋ ከቆሙ ሰዎች ወሬ ነበር። ስለዚያ ቀን ለማንም አውርታ አታውቅም።

"አሁን ከእኔ ጋር ትድገመው" አለች ሂያም ለስለስ ብላ። "'ባሌ ለመሞቱ ምንም ማስረጃ የለኝም።' ቀስ ብላ ትበለው።"

ሣህሊቱ ወደ ወርቅውሃ ዞረች።

"ሣህሊቱ?"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ አዘቅዝቃ ለበሰችው፤ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ የወርቅውሃን ዓይን አየች።

ወርቅውሃ ጥለቱን አየች። ቀስ ብላ ተነሣችና ሕፃኗን ሂያም ጭን ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ነው ደረቷን የመታችው።

"ምን አልሻት?" አለች ሂያም ሕፃኑን አጥብቃ ይዛ።

"ምንም አላልኳትም።"

ጩኸቱ ከክሊኒኩ ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። ሰዉ በጭቃው እየተንሸራተተ መጣ። ቱርካ መጣች። አያ ዳምጤም መጡ፤ ሣህሊቱን ሳያዩ አለፏት። የት ሞተ፣ መቼ ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ወርቅውሃ እንባዋን ሳትጠርግ እያንዳንዱን ፊት አየች።

ሁሉም ነበሩ። ላቀው አልነበረም።