ያልተፈታ ንባብ

ርዕሰ መምህሩ ገሠሠ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ መሪጌታ ሕሩይ ገፋ አደረገላቸው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበርና ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ በአማርኛ ነገራቸው። ልጅቱ በግቢም ሆነ በቤት አማርኛ አትናገርም፤ ወላጅም በአማርኛ አያናግራትም፣ አያስጠናትም። ያልፈረመ ወላጅ ሰኞ ልጁን ይዞ ይወጣል።

መሪጌታ ደባርቅ ላይ ግእዝ ሲያስተምሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከእንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል የላቸውም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው እየሩስ እዚህ የግል ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ያ ሁሉ ወሬዋ ጠፍቶ ዝምተኛ ሆናለች። የሚነገራት አይገባት፣ የገባትን እንዳትናገር ተከልክላለች።

"ይኸን ወረቀት በአማርኛ ባትፈታልኝ፣ ምኑን አውቄ እፈርም ነበር?" አሉ መሪጌታ።

ገሠሠ አንገቱን ደፋ።

"እውነትዎን ነው፣ የኔታ። እኔም ብሆን ልጆቹ በሁለቱም ቋንቋ ቢማሩ በወደድኩ። ደንቡን ያወጡት ግን ባለቤቶቹ ናቸው።"

"እኛ ግእዙን እናነባለን፣ ከዚያ በአማርኛ እንፈታዋለን። ያልተፈታ ንባብ ያልተፈጨ እህል ነው፣ ልጄ።"

"ምን ላድርግ፣ የኔታ?"

መሪጌታ ብዕሩን አነሡ። የእህታቸው ልጅ አመተ ማርያም ታወሰቻቸው። ጃናሞራ ላይ በአማርኛ ስትማር አንደኛ ትወጣ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነባትና ትምህርቱን ትታ ዛሪማ ላይ ምግብ ቤት ታስተናግዳለች። ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል ሆነባቸው። ፈረሙ። ለእሳቸው ደግሞ ፊርማ መሐላ ነው።

በመንገድ ላይ እየሩስ ምን ተባሉ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው። እጇን ጥብቅ አድርገው ይዘው ዝም አሉ። በእሷ የተቆጡ መስሏት እሷም ዝም አለች።

ቤት ሲደርሱ እንደ ልማዷ የግእዝ መጽሐፏን አምጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች። ወረቀቱ ስለ ግእዝ ያለው ነገር የለም። መሪጌታ አንድ መስመር አነበቡላት፤ ተከትላ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ የሁልጊዜውን ትርጓሜ ጠበቀች።

"አባዬ፣ ምን ማለት ነው?"

ትርጓሜው ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያለ ነው። ጣታቸውን ወደሚቀጥለው መስመር አወረዱና ግእዙን ማንበብ ቀጠሉ።