ለሒሳብ አራት

አሁን ትምህርት ጨርሼ ሳወራው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን በፍርሃት ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

አሥረኛ ክፍል እያለን የክፍል ኃላፊያችን አንድ ቅጽ አደለን። እግሩ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ «ኮምፓስ» ነው የምንለው፣ እሱ በሌለበት። «ውጤታችሁን አትጻፉ፣ እሱ እኔም ጋ አለ። በየትምህርቱ ምን ያህል ጎበዝ ነኝ እንደምትሉ ለራሳችሁ ከአሥር ስጡ። ለሒሳብ ከአምስት በታች የሰጠ ሳይንስ ክፍል አይገባም» አለ።

እኔ ደግሞ ሳይንስ ካልገባሁ አለቀልኝ። ቤት መንደፍ ነው የምፈልገው። አባቴ ግንበኛ ነው፤ ገና ከአሁኑ «መሐንዲሷ» ይለኛል፣ አብረውት ለሚሠሩት ሁሉ አውርቷል።

ታዲያ ምን ነካኝ? በቋንቋ ዘጠና ሰባት፣ በሒሳብ ሰማንያ አንድ ነበረኝ። ጎን ለጎን ሳያቸው ሰማንያ አንዷ የወደቀች መሰለችኝ። ቋንቋ ሳላጠናው ይገባኛል፣ ለሒሳብ ግን አበሳዬን ነው የማየው። ጎበዝ ሰው እንዲህ ይለፋል እንዴ? ሳይንስ ክፍል ገብቼ፣ ሰሌዳ ላይ ተጠርቼ፣ ሁሉም «ይቺ ናት እንዴ?» ሲሉ ታየኝ። አራት ጻፍኩ።

ከጎኔ የምትቀመጠው ቀብራራ (እኛ ነን ያወጣንላት) በቋንቋ አርባ ስምንት፣ በሒሳብ ስድሳ ሁለት አላት። ዘጠኝ ጻፈች!

«አንቺ! ዘጠኝ?»

«ምን ላድርግ፣ ከሁሉም የሚሻለኝ እሱ ነዋ።» ወደኔ አንገቷን አሰገገች። «አራት?! አብደሻል? እኔ የምኮርጀው ከማን ሆነና ነው?»

ልሰርዝ ስል ኮምፓስ ወረቀቱን ከእጄ ላፍ አድርጎ ሄደ።

«ሂጂና ንገሪው» አለችኝ።

«አፍራለሁ።»

«እንግዲያው ለአባትሽ ሄደሽ ንገሪ።»

ይቺ ንግግሯ ወጋችኝ።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባሁ። የሒሳብ መምህራችን ጥግ ላይ ሻይ ትጠጣለች። ኮምፓስ ቅጾቹን ኮምፒውተር ላይ እየሞላ ነበር።

«ቲቸር፣ የሒሳቧን... ተሳስቼ ነው።»

ቅጼን ፈልጎ አወጣ። «እሺ፣ ስንት ላድርገው?»

ስንት? አላሰብኩበትማ! ዘጠኝ ብል ጉራ፣ አምስት ብል ልመና።

«ሰባት።»

«አልሰማሁሽም።»

«ሰባት!» ጮህኩ መሰለኝ፣ ሁሉም ዞሩ። የሒሳብ መምህሯ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አየችኝ። አሁን «ይቺ?» ትላለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሻይዋን ትጠጣለች። ይሄ ደግሞ የባሰ! ዝም ሲሉህ ምን እንዳሰቡ በምን ታውቃለህ?

ኮምፓስ አራቷን ሰርዞ ሰባት ጻፈና «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። ፊርማዬ ዶሮ የጫረችው መሰለ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼም ልቤ አልተመለሰም። «ስድስት ይበቃኝ ነበር እኮ» ብዬ ተመልሼ ልገባ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ደወል ባይደወል ኖሮ እገባ ነበር።