ለሁለት የተካፈልነው ኪኒን

ዘርትሁን ኪኒን አትወድም ነበር። ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

እኔ ሽሮሜዳ የምሠራ ሸማኔ ነኝ፤ ሚስቴ ዘርትሁን ደግሞ ትፈትልልኛለች። ቀኑን ሙሉ እግሬን የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ መወርወሪያ ስወረውር ወገቤን ይቆርጠኛል። እሷም እንዝርት ላይ ጎብጣ ውላ ቀና ማለት ያቅታታል። የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ይሸጥልኛል፤ ከምሳ በኋላ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ። እምቢ ስትል "እኔ ተሽሎኝ አንቺ ስታቃስቺ ልስማ?" እያልኩ መዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። ሞኝነቴን ፍቅር ብዬው ነበር።

ዘንድሮ እግሬ አብጦ ከጉድጓዱ መውጣት አቃተኝ። ሆስፒታል ስሄድ ሁለቱም ኩላሊቶቼ መሥራት እያቆሙ ነው አሉኝ። ያልታከምኩት ደም ግፊት ጀምሯቸው ማስታገሻው ጨርሷቸዋል። እጥበት ጀመርኩ። ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ካለ አምጣ ሲሉኝ ወንድምም ልጅም የለኝምና አንገቴን ደፋሁ።

"ሃያ ዓመት አብሬህ በልቼ አንዷን ልከልክልህ?" አለች ዘርትሁን። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ደሟ ከደሜ ገጠመ። የቀረውን የምርመራ ውጤት ልንሰማ ስንሄድ እኔ የሠራሁላትን ባለ ጥለት ነጠላ ለብሳ፣ ሠርግ የተጠራች ትመስል ነበር። ዶክተር ሉሊት ወረቀቱን ደጋግማ አየችው።

"ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ማስታገሻ ይወስዳሉ?"

"ኧረ እኔ ኪኒን አልወድም" አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

እንዳይመልሷት ፈርታ ነው የዋሸችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን ለእኔ ብላ ደበቀች።

"ትወስዳለች" አልኩ። "የምሰጣት እኔ ነኝ።"

ዶክተሯ ወደ ዘርትሁን ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የእርስዎም ኩላሊት ተጎድቷል። ዛሬውኑ ካቆሙና ክትትል ካደረጉ ለራስዎ ሊያገለግልዎት ይችላል። መስጠት ግን አይችሉም።"

ስንወጣ ዘርትሁን የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "ለራሴ መች ጠየቅኳት?" ትለኛለች ደጋግማ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወገቧን ይዛ እንዝርቷ ጋ ተቀመጠች፤ እንደ ልማዷም መዳፏን ዘረጋችልኝ። ወዲያው ትዝ አላትና ልትሰበስበው ስትል ያዝኩት። የምሰጣት አልነበረኝም።