ደጀን ሄዷል

ሰብለ ወንጌል በቢቸና ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ባሏ በንዳድ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ አልወለደችም። የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ በታዘበው ግቢ ውስጥ ለብቻዋ በተሠራች ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። አባቷ በሕይወት ሳሉ ብራና እየፋቁ፣ ቀለም እየበጠበጡ መጻሕፍት ይጽፉ ስለነበር የመቃ ብዕር አቀራረጽን ከእሳቸው ተምራለች። ሌሎቹ መምህራት በትርፍ ሰዓታቸው ሹራብ ሲሠሩ እሷ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ያውም እንደ ጥንቱ።

ነገሩን የጀመሩት የመርጡለ ማርያሙ የቅኔ መምህር መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው። መሪጌታ እስክሪብቶ የሚባል ነገር አይወዱም። የድሮ መኳንንት ይጻጻፉበት የነበረውን ወግ የሚወድ ሰው ሲያገኙ ግን ወዲያው ወዳጅ ያደርጉታል። ሰብለ ወንጌልን በአባቷ በኩል አወቋት። ሌላው ወዳጃቸው አካለ ወልድ ደግሞ የቀድሞ ተማሪያቸው ሲሆን፣ አሁን በሞጣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ሦስቱ የሚጻጻፉበት ሕግ ጥብቅ ነበር። ቀለሙ ከጥላሸት በቤት የተዘጋጀ፣ የመጀመሪያው መስመር በቀይ፣ አድራሻው በግእዝ ይሁን። በፖስታ ቤት መላክ ክልክል ነው፤ በመንገደኛ እጅ ብቻ።

የአካለ ወልድ ደብዳቤ ሲመጣ ሰብለ ወንጌል በሯን ዘግታ ታነባለች። በአንዱ እንዲህ ብሎ ነበር፦

«ዛቲ መልእክት ዘተፈነወት እምኀበ አካለ ወልድ፣ ትብጻሕ ኀበ ሰብለ ወንጌል። እንዴት ከርመዋል? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ትናንት ችሎቱ ላይ የንብ መንጋ ሰፈረብን። ዳኛው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ንቦቹ ለማንም ሳያዳሉ ከሳሽንም ተከሳሽንም እኩል ነደፉ፤ ሁለቱም እርስ በርስ እሾህ ሲነቃቀሉ ውለው ታርቀው ሄዱ።»

ይህን ካነበበች በኋላ ብቻዋን ስትስቅ ታዘበው ከደጅ ሰምቶ «ከማን ጋር ነሽ?» ብሏት ያውቃል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ተጻጻፉ። ባሏ የሞተ ጊዜ የተሰማትን ለማንም ሳትናገር ለአካለ ወልድ ጻፈችለት። እሱም «አይዞሽ» ሳይላት፣ ምክርም ሳይሰጣት፣ ስለ ሟቹ እየጠየቀ መለሰላት፦ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ምን ያስቃቸው ነበር? ያን ያህል የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ለማየት ፈለገች። በመርጡለ ማርያም ንግሥ እንገናኝ ብላ ጻፈች፤ እሺ አለ፤ ሳይመጣ ቀረ። ቢቸና ብቅ ይበሉ አለችው፤ ስለ ሞጣ ዝናብ ያማረ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ስለ መምጣቱ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም።

ሚያዝያ ላይ በሞጣ ጊዮርጊስ ንግሥ ዋዜማ ጠዋት በጭነት መኪና ከሹፌሩ አጠገብ ተሳፈረች። ለወንድሟ «ለንግሥ ነው» አለችው፤ ውሸትም አልነበረም። ደብረ ወርቅን አልፈው፣ አቧራ ለብሰው፣ ከቀትር በኋላ ሞጣ ገቡ። ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አራግፋ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደች። በር ላይ ሽማግሌው ዘበኛ አባ አዳሙ ተቀምጠዋል።

«ጸሐፊውን አካለ ወልድን ፈልጌ ነበር» አለቻቸው።

«ማን ልበል?»

«ሰብለ ወንጌል ከቢቸና ይበሉት።»

አባ አዳሙ ገቡ፤ ቆዩም። ሲመለሱ ብጣሽ ወረቀት ይዘዋል፤ ቀና ብለው ሊያይዋት ግን አልቻሉም። ወረቀቱ ላይ «አካለ ወልድ ለመንግሥት ሥራ ደጀን ሄዷል። መመለሻው አይታወቅም» ይላል።

በእስክሪብቶ ተጽፏል። ነገር ግን የ«ለ» እግር እንደ ደከመው ሰው ወደ ግራ ጋደል ብሏል። ይህን እግር ሦስት ዓመት ሙሉ ስታየው ኖራለች። አላየኝም፣ መልኬን አያውቅ፣ ለምን ይሸሸኛል? ሚስት አለችው ማለት ነው አለች በልቧ። ከዚያ ደግሞ «ደጀን ሄዷል» ብሎ በገዛ እጁ የጻፈ ሰው ሞኝነት ሳቅ ሳቅ አላት።

«አባቴ፣ ሚስት አለችው?»

«ኧረ የለችውም!»

«ታሟል?»

«ጤነኛ ነው። ብቻ…» ሽማግሌው ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አፉ አይታዘዝለትም፣ ልጄ። ተብታባ ነው። እንግዳ ሰው ፊት ደግሞ ይብስበታል። እንዳትስቂበት ፈርቶ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም።»

ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ለካ በአፉ መናገር የማይችለውን ነው ሲልክላት የኖረው።

«ከደጀን ሲመለስ እዚህ ነኝ በሉልኝ» አለችና ባለጉዳዮች በሚቀመጡበት ግንድ ላይ ተቀመጠች።

ባለጉዳዮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ዳኛው ወጡ። በመጨረሻ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ክንዱ ላይ የተልፈሰፈሰ ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች በቀለም ጠቁረዋል። ወደ እሷ መጣ። አፉን ከፈተ።

«እ… እ… እን…»

ፊቱ በላብ ተጠመቀ። ቃሉ ምን እንደሆነ ሰብለ ወንጌል ታውቀዋለች፤ ልትጨርስለት ቃጣት። ነገር ግን ክፍሏ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ነበራት፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ቃሉን ሲነጥቁት ልጁ እንዴት እንደሚያንስ አይታለች። ስለዚህ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሳትቸኩል ጠበቀች።

«እን… እንኳን ደኅና መጡ!»

«እንኳን ደኅና ቆዩኝ። ደጀን እንዴት ነበር?»

ክው አለ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ምንም አይተበተብም፤ ሙሉ ነው።

ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ቀስ እያሉ ሄዱ። ብዙ ቃል ጀምሮ ተወ፤ በተወ ቁጥር «የጀመሩትን ይጨርሱ እንጂ፣ እኔ መኪናዬ ነገ ነው» ትለዋለች።

«ወ… ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ እኔ አይደለሁም» አላት በመጨረሻ። «እሱ… ጨዋታ ያውቃል።»

«እኔም ወረቀት ላይ ቁጣ የለብኝም። ተማሪዎቼን ቢጠይቋቸው ሌላ ይነግሩዎታል።»

ቢቸና ስትመለስ መጀመሪያ የጻፈችው ለመሪጌታ ነው። ለምን አልነገሩኝም ብላ ወቀሰቻቸው። እሳቸውም «ስለ እጁ ጽሕፈት ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ። ስለ አፉ መቼ ጠየቅሽኝ?» ብለው በቀይ ቀለም መለሱላት።

ክረምቱ አልፎ መንገድ ሲከፈት መሪጌታ ወልደ ኪዳን በበቅሎ፣ ሁለት የሞጣ ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ሰብለ ወንጌልን ለአካለ ወልድ ሊጠይቁ ወደ ታዘበው ግቢ መጡ። ታዘበው በወጉ ተቀበላቸው፤ መልሱ ግን አጭር ነበር። «ሰውየውን አላውቀው። እህቴ አንዴ አልቅሳለች፣ ደግማ እንድታለቅስ አልፈልግም። ራሱ ይምጣና በራሱ አፍ ይንገረኝ።»

ሰብለ ወንጌል ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ከሁሉ ነገር ያንን መጠየቁ!

አካለ ወልድ ግን መጣ። አዲስ ኮት ለብሶ፣ በሽማግሌዎቹ መካከል ቁጭ አለ። ታዘበው «እሺ፣ እህቴን ምን አድርገህ ልታኖራት ነው?» አለው።

«እ… እህ… እህትዎን…»

ታዘበው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጨንቆት «በደመወዙ፣ በክብር ሊያኖራት ነው» ብሎ ጣልቃ ገባ። አካለ ወልድ አፉን ዘጋ፤ ዓይኑ ላይ እንባ ሞላ።

ይሄኔ ሰብለ ወንጌል ታዳምጥበት ከነበረው ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ወጣች። ሴት ልጅ በሽምግልና መሐል ገብታ አታውቅም።

«ጋሼ፣ በራሱ አፍ ብለሃል። ይጨርስ።»

አካለ ወልድ እሷን እሷን እያየ እንደገና ጀመረ።

«እህትዎን… ብ… ብዙ አላጫውታት ይሆናል። ስ… ስትናገር ግን… አ… አዳምጣታለሁ። እስከ… እስከ መጨረሻው።»

ታዘበው እህቱ በሯን ዘግታ ብቻዋን የሳቀችበትን ቀን አስቦ ይሆናል። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ይሁን» አለ። «መቼም እንዲህ ለፍቶ የሚናገር ሰው አይዋሽም።»

ሰብለ ወንጌል በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አካለ ወልድም ጆሮው ድረስ ቀላ።

ጥር ላይ ተጋቡ። አካለ ወልድ ወደ ቢቸና ፍርድ ቤት ተዛወረ። መሪጌታ «ሁለት ወዳጅ ነበረኝ፤ አሁን አንድ ደብዳቤ ብቻ ይመጣልኛል፤ ከሰርጋችሁ የከሰርኩት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። መልሱን ባልና ሚስቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጽፉ ጀመር። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ቃሉ ሲያዝበት ሰብለ ወንጌል ብዕሩን ከወረቀቱ አንሥታ ትጠብቃለች። ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ይደርቃል፤ እንደገና ትነክረዋለች፤ እንደገና ትጠብቃለች። ጎረቤቷ ፈንታነሽ በአጥሩ በኩል አይታ «ምነው፣ እሱን ሳትጠብቂ አንቺው ራስሽ ብትጽፊው አይፈጥንም?» አለቻት።

«ማን ቸኮለ?» አለች ሰብለ ወንጌል፣ ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል።