የአንቴልም በር

ቤኗት አባ ሬሚን አስከትላ ደረጃውን ስትወጣ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚው ማርሴላን የወንድሟን ክፍል በር በጀርባው ደግፎ ቆሟል።

በፈረንሳይ አገር፣ በዚያ የሊዮን ከተማ ሐር ሸማኔዎች ኮረብታ ላይ ወንድሟን አንቴልምን የማያውቅ የለም። «ሰው በሰው ላይ ጌታ አይሁን፤ ንጉሥም፣ ባለ ፋብሪካም፣ ቄስም» ብሎ ጽፎ የታሰረ ፈላስፋ ነው። አሁን ሳንባው አልቆ ያጣጥራል። ጠዋት እጇን ይዞ፣ «ቄስ ጥሪልኝ» አላት።

«ዞር በል፣ ማርሴላን። ራሱ ነው የጠየቀኝ።»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ ቤኗት።» ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። «ግን ጤነኛ ሳለ እኛን ደቀ መዝሙሮቹን አስምሎናል። ‹ሞት አስፈርቶኝ ቄስ ብጠይቅ በሽታው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እንዳትሰሙኝ› ብሎ።»

«እግዜር የላችሁም! ታዲያ በማን ነው የማላችሁት?»

«በእሱ።»

«ሰው በሰው ላይ ጌታ አይሁን ያለው እሱ አይደል? ታዲያ ዛሬ ማነው የሠለጠነበት?»

«ራሱ ነው፣ እትዬ። የድሮው።»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። አንቴልም አልወለደም፤ የሚጠፋው ራሱ ሆነ።

ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ቤኗት... መጡ?»

«መጥተዋል፣ ወንድም ዓለም! በሩ ላይ ናቸው!»

ማርሴላን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጀርባው ግን ከበሩ ንቅንቅ አላለም። አባ ሬሚ መግፋት አይሆንላቸውም፤ ሽማግሌ ናቸው።

«እሺ፣ ቄሱ ካልገቡ ጸሎቱ ይግባ» አለችና ተንበርክካ አፏን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋች። ከታች ግን የጎረቤቶቹ የሐር መሸመኛዎች ኳኳታ ቤቱን ያናውጠዋል። የገዛ ድምፅዋ እንኳ አልተሰማትም።

ተነሥታ እየሮጠች ወረደች። «ክሎዲን፣ በእናትሽ አቁሚልኝ! ወንድሜ አይሰማኝም!»

ጎረቤቷ እጇን ከመሸመኛው አነሣች፤ ለሌሎቹም ጮኸችላቸው። አንድ በአንድ ቆሙ። ቤቱ ጭር አለ።

ቤኗት እያለከለከች ተመልሳ፣ እናታቸው ሁለቱንም ያስተማረቻቸውን ጸሎት ጀመረች። «ጸጋን የተመላሽ ማርያም ሆይ...» ቀስ ብላ፣ ቃሉን እያጎላች፣ «አሁንም፣ በሞታችንም ሰዓት» እስከሚለው ደረሰች። ከዚያ ቀን ከሌት የማያቋርጠውን የወንድሟን ሳል ጠበቀች።

ሳል የለም።

ማርሴላን ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ቆየ፤ ትንፋሽም አልሰማም። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ዞር አለላት።

«አሁን አባ መግባት ይችላሉ፣ እትዬ» አላት።